የቁልፍ ሰሌዳውና የቢሮ ሥራችን
(በመቱ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድና ስለ ኤሌክትሪክ በሚነገርበት ጉባኤ ስለ ኮምፒዩተር የቁልፍ ሰሌዳ መናገር እንደ ቀላል ነገር ይቆጠር ይሆናል። ዳሩ ግን በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በያዮም ሆነ በበደሌ ማናቸውም ሥራ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሳያልፍ አይፈጸምም። ደብዳቤው፣ የደመወዝ መክፈያው፣ የይዞታ ማረጋገጫው፣ የጡረታ ማኅደሩ ሁሉ ከእርሱ ይወጣል። ስለዚህ በየቀኑ የምናማርርበት ችግር ከየት እንደሚመነጭ መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ይህ የቁልፍ አደራደር እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ ከቀረበው የሬሚንግተን የጽሕፈት መኪና የተወረሰ ሲሆን፣ የታሰበውም ለ26ቱ የላቲን ፊደላት ነው። የእኛ ፊደላት ግን 33 ሆነው በሰባት ሲባዙ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 231 ይደርሳሉ። ይህን ሀብት በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስፈር ቀድመው ከደከሙት አንዱ ኢንጂነር አያና ብሩ ነበሩ። በጽሕፈት መኪናው ዘመን ፊደሉ ቅጥያ እየተለጠፈበት ስለሚሠራ መልኩ ይጎረብጥ ነበር፤ ሆኖም ወረቀቱ ላይ ያረፈው ጽሑፍ የትም ቢሄድ አይለወጥም። ኮምፒዩተር ግን የሚያስቀምጠው የፊደሉን መልክ ሳይሆን ቁጥሩን ነው። የችግራችን ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች 256 ቦታ ብቻ ስለነበራቸው የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ አንዳንዶቹም ፊደላችንን በሁለት ፎንት እስከ መክፈል ደርሰዋል። በመሆኑም ከመቱ የተላከ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የግዕዝ ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር ሰጠ። በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ የቁልፍ አደራደር አብሮ ይዞ መጣ። መፍትሔው ተገኝቶ ሳለ በየመዝገብ ቤቱ የተከማቹት የቆዩ ፋይሎች ግን ዛሬም በአሮጌው ቁጥር እንደ ተጻፉ ይገኛሉ።

ሌላው ችግር የአጻጻፍ ዘዴው መብዛት ነው። «መቱ» ብሎ ለመጻፍ አራት ጊዜ መምታት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህስ ይሁን፤ እጅ ይለምደዋል። ነገር ግን አንዲቱ ፊደል በአንዱ ሶፍትዌር በአንድ ቁልፍ፣ በሌላው በሁለት ቁልፍ ስትወጣ፣ ቁልፉ ላይም የእኛ ፊደል ሳይታተምበት ሲቀር፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ የተዛወረ ጸሐፊ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ድርብ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ይጻፋል፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚላከው ደብዳቤ ግን በአማርኛ ነው። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከፊደል ወደ ፊደል ይመላለሳል። የኦሮምኛውን ቃል መሣሪያው የእንግሊዝኛ ስሕተት መስሎት በራሱ ሥልጣን «ያርመዋል»። ሁዻ የተባለው ምልክትም አንዴ ቀጥ ብሎ፣ አንዴ ጎበጥ ብሎ ይጻፋል። ለዓይን አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው። «ዛሬ» የሚለው የኦሮምኛ ቃል እንኳ ያለዚህ ምልክት አይጻፍም።

አማርኛውም ከዚህ አይድንም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። ለመጀመሪያው ድምፅ ጸ እና ፀ አሉ፤ ለሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አሉ። ሁለት በስድስት ሲባዛ 12 ይሆናል። እንግዲህ ይህች እናት ስሟ በ12 ዓይነት አጻጻፍ ሊመዘገብ ይችላል፤ የሚነበበው ግን አንድ ነው። በሰንጠረዥ ውስጥ ስሟን በአንዱ አጻጻፍ የመዘገበ ሠራተኛ ተዛውሮ ሌላው በሁለተኛው ቢፈልጋት፣ ኮምፒዩተሩ «የለችም» ይላል። ከገጠር በእግሯ የመጣች ባለጉዳይ «ፋይልሽ ጠፍቷል» ተብላ ትመለሳለች። ፋይሉ ግን አልጠፋም፤ የጠፋው በመካከላችን ሊኖር የሚገባው ስምምነት ነው።

ስለሆነም ለባልደረቦቼ አራት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አዲስ ሰነድ ሁሉ በዩኒኮድ ብቻ ይጻፍ፤ የቆየውም ከጡረታና ከይዞታ ማኅደር ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይለወጥ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ የአጻጻፍ ዘዴ መርጦ የቁልፎቹን ሰንጠረዥ በየጠረጴዛው ይለጥፍ። ሦስተኛ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት ጊዜ የእንግሊዝኛው ራስ ሰር እርማት ይዘጋ፤ ሁዻም ቀጥ ባለው ምልክት ብቻ ይጻፍ። አራተኛ፣ የሰው ስም በመታወቂያው ላይ እንደ ተጻፈ ይመዝገብ፤ የመረጃ ቋት የምናዘጋጅ ባለሙያዎችም ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር እናድርግ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ገንዘብ ሳይሆን ውሳኔ የሚጠይቁ ናቸው።

አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። መልአክ ያወጣውን ስም አንድ ቁልፍ ሊያጠፋው አይገባም።