በሦስት የሚሠራ ሞተር
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ለመኪና ሞተር ርኅራኄ የለውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የእንጦጦ ጋራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በጉለሌ ጋራዦች ዘወትር የሚሰማው አቤቱታም ከዚሁ ዳገት ጋር የተያያዘ ነው፤ «መኪናው ጉልበት አነሰው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስነጥሳል» ይባላል። ለአቤቱታው የሚሰጡት የተለመዱ መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «የከፍታው ነው» ብሎ ባለንብረቱን ማሰናበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ካንዴላውን፣ ሽቦውን፣ ቦቢናውን በየተራ እያስገዙ መለወጥ ነው። ሁለቱም ምርመራ ሊባሉ አይገባቸውም።

በእርግጥ ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል። በጉለሌ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በጅቡቲ ወደብ ከሚያወጣው ኃይል ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ነገር ግን ይህ ጉድለት አራቱንም ሲሊንደሮች እኩል የሚነካ ነው፤ ሞተሩን ያደክመዋል እንጂ አያስነክሰውም። መካኒኮች «ሚስ ያደርጋል» ወይም «በሦስት ይሠራል» የሚሉት ሞተር ግን የሚያነክስ ሞተር ነው፤ ሦስቱ ሲሠሩ አንዱ ይለግማል። ስለዚህ የተበላሸው ዕቃ ምን እንደ ሆነ ከመጠየቁ በፊት የለገመው ሲሊንደር የትኛው እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ የሚታዩት ላዳዎች፣ ዲኤክሶችና ቪትዞች በቀላሉ የሚተኩ አልሆኑም። ላዳው ሦስት ቀን ጋራዥ የቆመበት ባለ ታክሲ የሦስት ቀን እንጀራውን ያጣል፤ ባልተበላሸ ዕቃ ላይ ያወጣው ገንዘብ ደግሞ በዚያ ላይ ይታከላል።

በላዳ እንጀምር። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካንዴላ ሽቦዎቹ ጎማ በለበሰ ፒንሳ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ሽቦው ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ የሚንገዳገድ ከሆነ ያ ሲሊንደር ሥራውን ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ተነቅሎም ለውጥ ያልታየበት እርሱ የለገመው ነው። ቀጥሎ የዚያ ሲሊንደር ካንዴላ ይወጣና ይመረመራል። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ የጋራዦቻችን ቋንቋ ከጣልያንኛ ብዙ እንደ ወረሰ የታወቀ ነው። በቤንዚን ርሶ የወጣ ሻማ ብልጭታ እንዳልደረሰው ይናገራል። በዘይት የተጨማለቀው የፋሻ ወይም የቫልቮላ መበላትን ያመለክታል። ደረቅ ጥቀርሻ የለበሰው ደግሞ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። ካንዴላው ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ሲለዋወጥ ጉድለቱ አብሮት ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ ካልሄደ በሽቦውም እንዲሁ ይደረጋል። ለዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። የካንዴላው ክፍተት ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲናው ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑም በዚሁ አጋጣሚ ይታያል።

ሞተሩ መቼ እንደሚያነክስ ሾፌሩን መጠየቅ የሚናቅ ነገር አይደለም። ዳገት ላይ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሲሊንደሩ አየርና ቤንዚን ይሞላል፤ በሚታመቅበት ጊዜ ግፊቱ ይጨምራል፤ ብልጭታውም ያንን ክፍተት ለመዝለል የበለጠ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል። የደከመ ቦቢና ወይም የተሰነጠቀ የዲስትሪቡተር ክዳን የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ሜዳ ላይ ደኅና መስሎ ዳገት ላይ የሚያነክስ ሞተር አስቀድሞ በብልጭታው ይጠረጠራል። በሚኒሞ እያነከሰ ፍጥነት ሲይዝ የሚስተካከለው ግን በአብዛኛው ከቫልቮላ ወይም በጓርኒሲዮን በኩል ከሚገባ ትርፍ አየር ነው። በክረምት ጉም እንጦጦን ሲሸፍን ጠዋት ብቻ የሚያስቸግር መኪና የዲስትሪቡተሩ ክዳን እርጥበት ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑ ተከፍቶ ቢታይ ኤሌክትሪኩ የሚያመልጥበት ቦታ ሰማያዊ ብልጭታ ያሳያል።

ብልጭታው ደኅና ከሆነ የእምቅታ መለኪያ ይገባል። ከባዱ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ ለምሳሌ ያህል 12 ይላል እንበል፤ መጽሐፉ የተጻፈው ግን ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። ያው ጤነኛ ሞተር በጉለሌ 9 ያህል ያሳያል፤ የገባው አየር ራሱ በሩብ ያነሰ ነውና። ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ብቻ ያስተያየ ባለሙያ አራቱንም ሲሊንደሮች «አልቀዋል» ብሎ ጤነኛ ሞተር ያወርዳል፤ ባለንብረቱም ያላስፈለገውን ፋሻ ይገዛል። መታየት ያለበት የአራቱ ልዩነት ነው። 9፣ 9፣ 5፣ 9 ከተገኘ ሦስተኛው ታማሚ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ተጨምሮ እንደ ገና ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ተበልቷል፤ ባለበት ከቀረ ቫልቮላው አይገጥምም። የተጎራባቾቹ የሁለቱ ቁጥር አብሮ ከወረደ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ሆኖም ቴስታታ ከመውረዱ በፊት የቫልቮላው ክፍተት ይለካ፤ በላዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ክፍተቱ ጠብቦ ቫልቮላው ሳይዘጋ ቀርቶ ከሆነና ገና ካልተቃጠለ፣ በቁልፍ ማስተካከል ብቻ ሊበቃ ይችላል።

እንደ ቪትዝ ያሉት በኮምፒውተር የሚመሩ መኪናዎች የለገመውን ሲሊንደር ራሳቸው ይናገራሉ። ፒ0301 አንደኛውን፣ ፒ0304 አራተኛውን ያመለክታል። ኮዱ ሲሊንደሩን ይጠቁማል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሚገዛ አይናገርም፤ ብዙ ቦቢና በከንቱ የተለወጠው ይህ ባለመለየቱ ነው። የአንደኛው ቦቢና ወደ ሦስተኛው ተዛውሮ ኮዱ ፒ0303 ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። በእነዚህ መኪናዎች ሞተሩ እየሠራ ሽቦ መንቀል አይገባም፤ ሰውንም ኤሌክትሮኒኩንም ይጎዳል። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ መኪናው መነዳቱ ይቁም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስት የሚባለውን ውድ የጭስ ማጣሪያ ያቀልጠዋል።

ጥገናው ሲያልቅ መኪናው በሽሮ ሜዳ ዳገት ይሞከራል፤ ወዲያው ካንዴላዎቹ ዳግም ወጥተው ይታያሉ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆኑ ሥራው ተፈጽሟል። አራቱም እኩል ጥቀርሻ ከለበሱ የከፍታው ጉዳይ የሚነሣው አሁን ነው፤ ካርቡራቶሩ ለቆላ አየር የተመጠነ ቤንዚን እየሰጠ ነውና የቤንዚን መለኪያዋ ቀዳዳ በአነስተኛ ትለወጣለች። አሮጌዋ ግን ለባለንብረቱ ትሰጥ፤ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ በሚወርድበት ጊዜ ቤንዚን አንሶት ቫልቮላው እንዳይቃጠል መልሶ ያስገባታል።