ስለ መርሳት በሽታና ስለ መምህራን ድርሻ
(በጅቡቲ ከተማ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የእኛ ሥራ የቆመው በሰው ማስታወስ ላይ ነው። ዛሬ ያስተማርነው ነገ የማይታወስ ቢሆን ኖሮ፥ ድካማችን ሁሉ በውሃ ላይ እንደ ተጻፈ ጽሕፈት በሆነ ነበር። ስለዚህ ማስታወስን ከሥሩ ስለሚነቅለው፥ ሊቃውንት አልዛይመር ብለው ስለሚጠሩት በሽታ ጥቂት ልናገር ተነሣሁ።

ምክንያት የሆነኝ በዚህችው ከተማ ያየሁት ነገር ነው። ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የፈጸሙ አንድ አዛውንት ከቤታቸው ሲወጡ መመለሻው ይጠፋባቸዋል፤ አንዱንም ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ዘመዶቻቸው «ጃጅተዋል» ብለው ትተዋቸዋል። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ከሣቁባቸው መካከል እኔ የማስተምራቸው፥ ነገ መምህራን የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩበት። አፈርሁ፤ ያላስተማርኋቸውን ከየት ያምጡት ብዬም ራሴን ወቀስሁ።

በ1901 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት በፍራንክፈርት መረመረ። በ1906 እርስዋ ከሞተች በኋላ አንጎልዋን በማጉያ መነጽር ቢመለከት፥ በሕዋሳቱ መካከል የተጠራቀመ ዝቃጭ፥ በውስጣቸውም የተወሳሰበ ክር አገኘ። ዝቃጩ አሚሎይድ ቤታ፥ ክሩም ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠሩ መሆናቸው ዛሬ ታውቋል። እንግዲህ ነገሩ የአንጎል ደዌ ነው እንጂ እርግማንም፥ የእርጅና ጠባይም አይደለም።

በዚህ ምርምር ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ ኢትዮጵያዊው ተወላጅ ዶክተር ዮናስ ገዳ ናቸው። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ2010 ባወጡት ጥናት፥ የመርሳት በሽታ ያልያዛቸውን 1,324 ሰዎች መረመሩ። በጉልምስና ዘመናቸው መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ያደርጉ በነበሩት ዘንድ፥ በጤናማ እርጅናና በበሽታው መካከል ያለው የማስታወስ ድክመት የመገኘቱ ዕድል በ39 በመቶ፥ በእርጅናቸው በሚያደርጉት ዘንድ በ32 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ሰው ስለ ተንቀሳቀሰ ጤና አገኘን ወይስ ጤናማ ስለ ሆነ ተንቀሳቀሰ የሚለውን ጥያቄ ይህ ጥናት ብቻውን አይፈታውም። እውነተኛ ምርምር ከማስረጃው አልፎ አይናገርምና፥ ይህም ራሱ ለተማሪዎቻችን ትምህርት ነው።

በሽታውን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ገና አልተገኘም። ነገር ግን ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰየመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2024 ዓ.ም. 14 መንስኤዎችን ዘርዝሮ፥ እነርሱ ቢወገዱ ከመርሳት በሽታዎች 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል እንደ ሆነ ገምቷል። የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታና የመስማት ድክመት ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። በልጅነት ትምህርት ማጣትም አንዱ ነው። እንግዲህ ፊደል የምናስቆጥረው ሕፃን ከ60 ዓመት በኋላ ለሚመጣበት ፈተና ስንቅ ይቋጥራል ማለት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፥ የሚረሳ ሽማግሌ እንዳይሣቅበት ልጆችን እናስተምር። ሁለተኛ፥ መርሳት አንዳንድ ጊዜ ከቫይታሚን ማነስ ወይም ከኀዘን ብዛት፥ ሊታከም ከሚችል ነገር ስለሚመጣ፥ ቤተ ሰቦች አረጋውያንን ወደ ሐኪም እንዲወስዱ እንምከር። ሦስተኛ፥ ሴት ልጅ ከትምህርት ገበታ እንዳትቀር እንትጋ።

እነዚያ ወጣቶች በኋላ አዛውንቱን እጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲያደርሱ አየሁ። ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው እንዲህ ነው።