ቅርሱ የሚጠበቀው በሰበካ ጉባኤም ነው
(ለጎንደር ከተማ አድባራትና ገዳማት የሰበካ ጉባኤ ተወካዮች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን የአድባራት አስተዳዳሪዎች፣ ካህናትና ዲያቆናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

ስለ ጎንደር ቅርስ በተነሣ ቁጥር ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በፋሲል ግቢ ላይ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ያነጿቸው አብያተ መንግሥት፣ ወደ 900 ሜትር በሚጠጋ ቅጥር ተከበው እስከ ዛሬ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1979ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። በዚያው መዝገብ አብረው የተጻፉትን ግን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ፤ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አለ፤ በየዓመቱ ታቦታቱ የሚያድሩበት የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር አለ። እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ አጣጣሚ ሚካኤልና ግምጃ ቤት ማርያምም የነገሥታቱ ግቢ አካል ሆነው የኖሩ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ኪዳን ይደረሳል፣ ቅዳሴ ይቀደሳል። ቁልፋቸውም በቄሰ ገበዙ እጅ ነው። እንግዲህ የጥንታዊቷ ከተማ መካከል ምን መልክ ይዞ ለልጆቻችን እንደሚደርስ ከሚወሰንባቸው ስፍራዎች አንዱ የእናንተ ቃለ ጉባኤ ነው ብንል አልተጋነነም።

የአብዛኞቹ ውሳኔዎች መነሻ መልካም ሐሳብ ነው። ምእመናን ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ጣሪያው ያፈስሳልና ይጠገን፣ ግድግዳው አርጅቷልና ይለሰን ይባላል። ባለሙያ ሲጠራም አስቀድሞ የሚጠይቀው የሲሚንቶ ዋጋ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት እንሻለን፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ከዚህ ነውና።

የጎንደር ግንበኞች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ይተነፍሳል። ግንቡ በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ በመጋጠሚያው በኩል መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራና ድፍን ነው። በአሮጌ ግንብ ላይ ሲለሰን ውጭው ያማረ ይመስላል፤ እርጥበቱ ግን መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ እርጥበት ወደ ድንጋዩ ይመለሳል፤ ከውስጡ ያለውን ጨው እየገፋ ገጹን ይልጠዋል፤ ወይም ወደ ውስጥ ዞሮ ሥዕሉ የተለጠፈበትን ሸራ ከግድግዳው ያላቅቃል። ይህ በፋሲል ግቢ ራሱ የታየ ነገር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አብያተ መንግሥቱ ሲጠገኑ ሲሚንቶና ብረት ያለበት ኮንክሪት ገብቶባቸው ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ የተካሄደው ጥገና ወደ ኖራው የተመለሰው ያ መንገድ እንደማያዋጣ ስለታየ ነው።

በአንድ አጥቢያ ያየነውን ሳንናገር ብናልፍ ታማኝነት አይሆንም። ስሙን አናነሣም። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በውጭ በኩል በሲሚንቶ ተለስኖ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በምረቃው ዕለት እኛም ተገኝተን አጨብጭበናል። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ስንመለስ በቅድስቱ ግድግዳ ላይ እርጥበቱ እስከ ሰው ትከሻ ወጥቶ፣ የሥዕሉ ሸራ ከታች ተላቅቆ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ሽማግሌው መሪጌታ ምንም አልተናገሩንም፤ በእጃቸው ብቻ አሳዩን። እኛ የልማት ሠራተኞች የሥራችንን ፍሬ በአዲስ ሕንጻ የመለካት ልማድ አለን፤ ያ ልማድ ያን ዕለት አሳፈረን።

የቀረን ጥቂት መሆኑንም እናስብ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ከነሥዕላቸውና ከነመጻሕፍታቸው ጠፍተዋል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቁስቋምም ከዚያ ጥፋት አልዳነም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈ። ጣሪያው ላይ የተሣሉት የመላእክት ገጾች፣ በግድግዳው ሸራ ላይ ያሉት ሥዕላት፣ በሐዋርያት ቁጥር 12 ግንቦች ያሉት ቅጥሩ ዛሬም ይታያሉ። የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ብንለውጠው ወጪው ይቀንስ ይሆናል፤ ደብሩ ግን ያው ደብር አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። በየቅጥሩ ዙሪያ የኪራይ ሱቅ መሥራት በሁላችንም ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱን እናውቃለን፤ የካህናቱ ደመወዝና የአብነት ተማሪዎቹ ቀለብ ከየት ይምጣ? ይህን ገቢ ተዉት ለማለት አልመጣንም። ነገር ግን ሱቁ ከጥንቱ ቅጥር ጋር ከተጣበቀ የጣሪያው ውኃ በቅጥሩ መሠረት ላይ ይወርዳል፤ ለሱቁ ተብሎ የሚቆረጠው ጽድና ወይራም ከአያቶቻችን ዕድሜ ይበልጣል። ሁለትና ሦስት ፎቅ ሲሆን ደግሞ ከመንገዱ የሚመጣ ምእመን ጉልላቱን አይቶ የሚሳለምበት ስፍራ ያጣል። በእኛ አስተያየት ደብሩ ከጥንታዊው መካከል ወጣ ያለ ይዞታ ካለው ሱቁን እዚያ ቢሠራ ይሻላል። ከሌለው ከቅጥሩ ራቅ ብሎ፣ ባለ አንድ ወለል ሆኖ፣ ውኃው ወደ ውጭ እንዲፈስ ተደርጎ ይሠራ። ገቢው ያንሳል፤ ይህንንም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አንልም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው፤ የቅርሱ ባለቤት ቤተ ክርስቲያን ብትሆንም እንኳ። ፈቃድ መጠየቅ ሥራ ያዘገያል እያላችሁ ታጉረመርማላችሁ፤ እውነት ነው፣ ያዘገያል። ኖራም በውኃ ተነክሮ እስኪበስል ይዘገያል።

የቀረው ዛሬ ልትጀምሩት የምትችሉት ነው። ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ አንድ ዲያቆንና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት መድቡ። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ቤተልሔሙን፣ ደጀ ሰላሙን፣ የመቃብር ቤቶቹንና ቅጥሩን በአራቱም ማዕዘን ፎቶ ያንሡ፤ ስንጥቅ ካለ ቦታውንና ስፋቱን በመዝገብ ያስፍሩ፤ ቀኑንም ይጻፉበት። መዝገቡ ከንዋየ ቅድሳቱ ዝርዝር ጋር በዕቃ ቤት ይቀመጥ። ክረምቱም ሳይገባ አሸንዳዎቹ ይጠረጉ፤ በግድግዳው ሥር የተከመረ አፈርና ድንጋይ ይነሣ። ለዚህ መዋጮ አያስፈልግም፤ አካፋና አንድ ቅዳሜ ይበቃል።