የጉዞ ባልደረባ ፈቃድና የፕሮግራሙ ቁጥር



የሰው ፈቃድ በቁጥር ሊለካ ይችላልን? ጥያቄው የፈላስፎች ይመስላል፤ ዳሩ ግን የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠሩ መሐንዲሶች ከሃያ ዓመት በላይ ሲታገሉት የኖሩ የሙያ ጥያቄ ነው።

ተጫዋቹ የአንድ ጀግና ሚና ይዞ በሚጓዝባቸው ጨዋታዎች አብረውት የሚዘምቱ ባልደረቦች አሉ፤ ከአንዳንዶቹም ጋር ፍቅር መጀመር ይቻላል። የካናዳው ባዮዌር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው «ባልዱርስ ጌት 2» ለወንድ ጀግና ሦስት ሴቶች ሲቀርቡለት፣ ለሴቲቱ ጀግና የተመደበላት አኖመን የተባለ አንድ ወንድ ብቻ ነበር። ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሊፋቀሩ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ በሥራው ውስጥ አልገባም።

በ2009 በወጣው «ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጂንስ» የእያንዳንዱ ባልደረባ ስሜት ከ100 በታች ከዜሮ እስከ 100 በላይ በሚደርስ ነጥብ ይመዘገብ ነበር። ስጦታ ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል። ሞሪጋን የተባለችው ጠንቋይ የወርቅ መስታወት ሲሰጧት ልቧ ይለሰልሳል። ስጦታው በተደጋገመ ቁጥር የሚያስገኘው ነጥብ እንዲቀንስ መደረጉ ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ፍቅር እንደ ሸቀጥ እንዳይገዛ መስጋታቸውን ያሳያል። መሐንዲስ ሲቸግረው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቀመሩን ሳይለውጥ መጠኑን ያስተካክላል!

በ2011 ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ አራት ባልደረቦች የጀግናውን ጾታ ሳይለዩ ፍቅርን የሚቀበሉ ሆኑ። ቀድሞ ምርጫ ለተነፈገው ተጫዋች ይህ ትልቅ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን የባልደረባው ዝንባሌ የራሱ መሆኑ ቀረና ወደ ተጫዋቹ ፈቃድ የሚያዘነብል ሆነ። በ2014 «ኢንኩዊዚሽን» መንገዱን ለወጠ። ዶሪያን የሚወደው ወንዶችን ብቻ ነው፤ አባቱ ዝንባሌውን በደም አስማት ሊለውጥበት በመሞከሩ ከቤተሰቡ ተለይቷል። ሴት ጀግና ምንም ያህል ነጥብ ብታከማች እሺ አይላትም። የዶሪያን ታሪክ ክብደት ያገኘው ከዚህ እምቢታ ነው፤ ቁጥሩ ቢሞላም የማይከፈት በር ስላለው ሰው መሰለ።

የቤልጅጉ ላሪያን በ2023 ባወጣው «ባልዱርስ ጌት 3» ባልደረቦቹ እንደገና ጾታ የማይለዩ ሆኑ። ጨዋታው በወጣበት ሰሞን ጌል የተባለው ጠንቋይ ገና ሳይተዋወቁት በፍቅር ሲቸኩል ብዙዎች አፍረውም ስቀውም ነበር። ሠሪዎቹ በኋላ እንዳስረዱት ስሕተቱ የደራሲ አልነበረም፤ ለፍቅር የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ነጥብ ከታሰበው በታች ተቀምጦ ነው። በአንድ ቁጥር ምክንያት ጨዋ ሰው ባለጌ መሰለ።

በዚያው ጨዋታ አስታሪዮን የተባለ ባልደረባ አለ። ጌታው ሁለት መቶ ዓመት በባርነት ይዞት ሰዎችን በገላው እያማለለ እንዲያመጣለት ሲያስገድደው ኖሯል። አንዲት ነጋዴ ደሟን እንዲመጥጥላት ስትለምን እርሱ አይፈልግም፤ ተጫዋቹም ሊጫነው ወይም ከጎኑ ሊቆም ይችላል። ከጎኑ ከቆመለት አስታሪዮን በኋላ ብቻውን ያነጋግረዋል፤ መጀመሪያ ያባበለው ለጥቅሙ እንደ ነበረም ይናዘዝለታል።