የተያዘ የዱር እንስሳና መዥገር



በአዲ አርቃይ ቆላ፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከብትና የዱር እንስሳ ግጦሽ ይጋራሉ። የሚዳቋ ግልገል ተይዞ በረት አጠገብ ሲታሰር መዥገሩም አብሮት ይገባል። በሆለታ አቅራቢያ ያለው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን የሚያኖረው በአጥርና በሐኪም ነው፤ የገበሬ ጓሮ ይህ ሁሉ የለውም።

በመዥገር የሚተላለፉት ባቤዥያና ታይሌሪያ በተያዘው እንስሳ ደም ውስጥ ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ይችላሉ፤ እስርና ረሃብ ሲያዳክመው ግን ይነሱበታል። ከብት በባቤዥያ ሲታመም ሽንቱ ይቀላል። የከብት ታይሌሪያ ሰውን አይዝም፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ከከንቱ ፍርሃት ያድናል።

ለሰው ይበልጥ የሚያሰጋው ሪኬትሲያ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በኢትዮጵያ መዥገር ላይ ተገኝቷል፤ መዥገሯም በእንቁላሏ ለልጆቿ ታወርሰዋለች። ከታሰረው እንስሳ ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ እረኛ የሚሻገረው መዥገር ሲነክስ ትኩሳትና ራስ ምታት ያመጣል፤ የተነከሰው ቦታ ብዙ ጊዜ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ቆላ ውስጥ ግን ትኩሳት ሁሉ ወባ ይባላል። ምርመራው ወባ የለም ካለ በሽተኛው መዥገር እንደነከሰው ለጤና ባለሙያው ይናገር፤ በዶክሲሳይክሊን የሚታከም ነው። መዥገርን ከቆዳ አጠገብ በወረንጦ ይዞ ቀስ ብሎ ቀጥታ መሳብ ይገባል፤ ላምባ መቀባትም ሆነ በጣት መጨፍለቅ ክልክል ነው።