ኡትኪያግቪክ፦ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ከተማ

ዛሬ የምንሄደው ወደ አላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ወደ ኡትኪያግቪክ ነው። በአርክቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለችው ይህች ከተማ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ አላት፤ አብዛኛው የኢኙፒያት ተወላጅ ነው። ከሌላ ከተማ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ሰው በአውሮፕላን ይገባል፤ ከባድ ዕቃ በረዶው ሲላቀቅ በባሕር ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር ላይ የጠለቀች ፀሐይ እስከ ጥር አጋማሽ አትወጣም።

የከተማዋ ሕይወት ዓሣ ነባሪ ነው። በጸደይ አዳኞች በበረዶው ስንጥቅ ዳር በቆዳ ጀልባ ይጠባበቃሉ። የተገኘው ሥጋ አይሸጥም፤ ለመላው ማኅበረሰብ ይከፋፈላል።

እንደ አውሮፓውያኑ በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን፣ ‹‹እንስሳው ሊያልቅ ነው›› በሚል ስጋት አደኑን ከለከለ። አዳኞቹ ግን፣ ‹‹ዓሣ ነባሪዎቹን የቆጠሩት ሰዎች ያላዩት በበረዶው ሥር የሚያልፈውን ነው›› ብለው ተከራከሩ። ተመራማሪዎች ማይክሮፎን ወደ ውኃው አውርደው ሲያዳምጡ እውነቱ ከአዳኞቹ ጋር ሆኖ ተገኘ። ለትውልድ የተላለፈ ዕውቀት እንዲህ ሚዛን ሲደፋ መስማት ልብ ይሞላል። ዛሬ አደኑ በኮታ ይካሄዳል፤ የዓሣ ነባሪዎቹም ቁጥር ከ10 ሺህ በላይ ሆኗል።

አሁን የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። ቤተሰቦች ሥጋ የሚያስቀምጡት በማይቀልጥ መሬት ውስጥ በቆፈሩት ጓዳ ነበር። መሬቱ እየሞቀ አንዳንዱ ጓዳ ውኃ ማቆር ጀምሯል፤ ማዕበሉም የባሕሩን ዳርቻ እየሸረሸረ ወደ ቤቶቹ ተጠግቷል።