ካንዴላችንን እንወቅ
ለመስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። ስሟ ካንዴላ ይባላል። ርዝመቷ አንድ ጣት ቢሆን ነው። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። እሷ ከታመመች ሞተሩ ይተኛል። ሞተሩ ከተኛ ውሃ የለም።

እኛ በፎገራ፣ በጉማራ ወንዝ ዳር የምናርስ ገበሬዎች ነን። ስድስት ሆነን በቤንዚን የሚሠራ አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገዛን። አንድ ጥር ወር ላይ ሽንኩርታችን ራስ መቋጠር ሲጀምር ሞተሩ እንቢ አለ። ገመዱን ብንስብ፣ ብንስብ ያስነጥሳል እንጂ አይነሣም። «አንተ ነህ ያበላሸኸው»፣ «የለም፣ አንተ ነህ» ተባባልንና ተጣላን። በመጨረሻ በአህያ ጭነን ወረታ ከተማ ወሰድነው። ሠሪው ዘንድ ወረፋ ነበረ። አምስት ቀን አለፈ። ሽንኩርቱ ጠወለገ።

ተራችን ሲደርስ ሠሪው ምን አደረገ መሰላችሁ? አሮጌዋን ካንዴላ ፈታ፤ አዲስ አሰረ፤ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ተነሣ! ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አልቆየም። እኛም አፈርን። ካንዴላዋ ርካሽ ነበረች፤ አለማወቃችን ግን ውድ ሆነብን።

ለመሆኑ ካንዴላ ምን ትሠራለች? የቤንዚን ተንና አየር ተቀላቅለው ወደ ሞተሩ ይገባሉ። ፒስቶኑ ያምቃቸዋል። ያን ጊዜ ካንዴላዋ የእሳት ብልጭታ ትሰጣለች። ድብልቁ ተቀጣጥሎ ፒስቶኑን ይገፋል፤ ሞተሩም ይዞራል። ካንዴላ ለቤንዚን ሞተር ክብሪት ናት ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ይህን ብልጭታ አይፈልግም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ በኃይል ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው።

እንግዲህ ሞተሩ በቶሎ አልነሣ ካለ፣ ካስነጠሰ፣ ጉልበቱ ከደከመ ወይም ቤንዚን ካበዛ፣ በመጀመሪያ ካንዴላዋን እንይ። የምናየውም እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። ትኩሱ እጅ ያቃጥላል። የቤንዚኑን መዝጊያ እንዝጋ። በአጠገቡ ሲጋራም ኩራዝም አይኑር።

ሁለተኛ፤ ካንዴላዋ ላይ የተደፋውን ኮፍያ ይዘን እናውልቅ። ሽቦውን አንጎትት፤ ይበጠሳል። ዙሪያውን ያለውን አቧራ እናራግፍ። አቧራው ወደ ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይበላዋል።

ሦስተኛ፤ በካንዴላ ቁልፍ ወደ ግራ አዙረን እንፍታት። ጫፏን እንመልከት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ወይም የአየር ማጣሪያው ቆሽሿል። ዘይት ካረጠባት ዘይት ወደ ውስጥ እየሾለከ ነው፤ ባለሙያ ይየው። ከነጣች ወይም ከቀለጠች ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል። ነጩ ሸክላ ከተሰነጠቀ ግን መጣል ነው።

አራተኛ፤ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ እንጥረግ። በጫፏ ባሉት ሁለት ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት እንለካ። በብዙዎቹ ትንንሽ የውሃ ሞተሮች ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ለ10 ቢከፈል 7ቱን ወይም 8ቱን ያህል ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ ከሞተሩ ጋር በሚመጣው መመሪያ ተጽፏል።

አምስተኛ፤ ስንመልሳት በቁልፍ አንጀምር። በእጃችን እስክትቀመጥ እናዙራት። ከዚያ አዲስ ከሆነች በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ አሮጌ ከሆነች እስከ ሩብ ዙር ብቻ እናጥብቅ። በጉልበት ካጠበቅናት ጥርሱ ይበላል።

አዲስ ስንገዛ አሮጌዋን ይዘን እንሂድ። በላይዋ የተጻፈው ፊደልና ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ፊደሉ የፈረንጅ ቢሆንም አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማስተያየት አያቅትም። ባለሱቁ «ሁሉም ያው ነው» ቢለን አንቀበል።

የቤት መኪና ያላቸው ዘመዶቻችሁም ይህን ይስሙ። አራት ሲሊንደር ያለው የቤንዚን መኪና ብዙውን ጊዜ አራት ካንዴላ አለው። ተራዎቹ ካንዴላዎች በ30,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራሉ። ኢሪዲየም የሚባሉት በብዙ መኪና እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይቆያሉ። ጫፋቸው ቀጭን ስለሆነ ግን በሽቦ ብሩሽ አይፈተጉም።

የእኛ ሞተር ኪሎ ሜትር የለውም፤ ሰዓት አለው። በየ100 ሰዓቱ ካንዴላዋን እናያለን፤ በ300 ሰዓት ወይም በዓመት እንቀይራለን። በቀን 5 ሰዓት ከሠራ 100 ሰዓት በ20 ቀን ይሞላል። ይህን በልባችን መያዝ አልቻልንም። ስለዚህ ደብተር ገዛን። ውሃ ያጠጣ ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል። ከእኛ መካከል ትናንት በጣቱ ይፈርም የነበረ ሰው ዛሬ ሰዓቱን ጽፎ ይደምራል።

አሁን ከደብተሩ ጋር አንድ አዲስ ካንዴላ በጨርቅ ጠቅልለን እናስቀምጣለን። ሞተሩ እንቢ ሲል አህያ አንጭንም፤ እርስ በርሳችንም አንካሰስም። ደብተሩን እንገልጣለን፤ ካንዴላዋን እንፈታለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ወገኖች፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የሞተራችሁን ካንዴላ እዩ። መቼ እንደተቀየረች የሚያውቅ ከሌለ፣ የዛሬውን ቀን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ጀምሩ።